ዝቅተኛ ነጥብና የእንስሳት ሐኪምነት
(በናይሮቢ ለኢትዮጵያውያን መምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)




ማኅበራችን መታሰቢያውን በሚያከብርበት በዚህ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝን ጊዜ ስለ መምህርነት ክብር በጠቅላላው በመናገር ባሳልፈው ቀላል ይሆንልኝ ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ንግግር ከአዳራሹ በር አልፎ ብዙ አይሄድም። ስለዚህ አንዲት ጠባብ ጉዳይ መርጫለሁ። እርሷም፥ በመጀመሪያ ዲግሪው ዝቅተኛ አማካይ ነጥብ ያገኘ ወጣት የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ሲነሣ፥ እኛ መምህራኑ ምን ልንለው፥ ምንስ ልናደርግለት ይገባናል? የምትል ናት። ጉዳዩ ጠባብ ቢመስልም ስለ ፍርዳችንና ስለ ብዕራችን እውነተኛነት የሚጠይቀን ብዙ ነገር አለው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ይህን ነገር በናይሮቢ መናገር የተገባ ነው። በዋያኪ መንገድ ወደ ምዕራብ የወጣ ሰው ብዙ ሳይርቅ ካቤቴን ያገኛል። በካቤቴ የነበረው የከብት በሽታ ምርመራ ጣቢያ ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የአፍሪካን የእንስሳት በሽታዎች ሲያጠና የኖረ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በ1921 በጽሑፍ ለዓለም የተገለጠው፥ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ የታየው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትም በ1931 የታወቀው በኬንያ ከተደረገው ጥናት ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም በዚያው በካቤቴ በ1962 በፋኩልቲነት ተቋቋመ። ከ1963 እስከ 1970 የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ዘመን፥ ማኬሬሬ ለሰው ሕክምና፥ ዳሬሰላም ለሕግ እንደ ታወቁ ሁሉ፥ የሦስቱን አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች የምታስተምር ናይሮቢ ነበረች። ከ1970 ጀምሮ ፋኩልቲው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኗል። በአገራችን ግን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በደብረ ዘይት የተከፈተው በ1979 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ከአገር ወጥቶ መማር ነበረበት።

ስለ ከብት ሐኪም አስፈላጊነት ለኢትዮጵያዊ ብዙ መንገር አያሻም። ደስታ የሚባለው የቀንድ ከብት በሽታ በ1887 በምጽዋ በኩል ገብቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩን ባዳረሰ ጊዜ፥ ከመቶው ዘጠና የሚሆነው ከብት እንዳለቀ ይነገራል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ጠፋ፤ እርሻ ሲጠፋ ሰው አለቀ። አያቶቻችን ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለው የጠሩት ስለዚህ ነው። ከካቤቴ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በሙጉጋ፥ ዋልተር ፕላውራይት የተባሉት እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት ክትባት ለዚህ በሽታ መጥፊያው ሆነ። በአገራችን የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው በ1995 ሲሆን፥ በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከዓለም ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለነገራችን የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። ክትባቱን የፈለሰፉት ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ሊቃውንት ናቸው። ነገር ግን በአፋር በረሃ፥ መኪናና በረዶ ሊደርስ ባልቻለበት ስፍራ፥ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው በ1990ዎቹ መካከል ከብቱን የከተቡት ጥቂት ሥልጠና የተሰጣቸው የዚያው አገር አርብቶ አደሮች ነበሩ። ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ወንበር ያላወቁ ሲሆኑ፥ ከብቱን፥ መንገዱንና የሰዉን ጠባይ ግን ያውቁ ነበር። እንግዲህ ሊቁም አርብቶ አደሩም ለዚህ ሥራ አስፈላጊዎች ከሆኑ፥ የእንስሳት ሐኪም የሚሆነውን ሰው በአንድ ቁጥር ብቻ መለየት እንዴት ይቻላል? ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ይያዝልኝ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። በናይሮቢ ባሕየ ሕይወት ሳስተምር፥ በላቦራቶሪ ረዳትነት ለጊዜው የተቀጠረች አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ባገር ቤት በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ተቀብላ፥ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ከምታቀርብ አክስቷ ዘንድ የመጣች ናት። እንደምታውቁት በአገራችን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ተማሪው የሚመደብበትን ክፍል ይወስናል። ይህችም ልጅ ከልጅነቷ የተመኘችው የእንስሳት ሕክምናን ሲሆን፥ በዚያው በመጀመሪያ ዓመቷ አባቷ ስለ ሞቱባት ትምህርቷ ተሰናክሎ ወደ ሌላ ክፍል ተመደበች። አማካይ ነጥቧ በመጨረሻ 2.40 ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ ገብታ፥

«ጋሼ፥ ለእንስሳት ሕክምና ላመለክት ነው፤ የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

ትራንስክሪፕቷን ተቀብዬ ከታች ያለውን ቁጥር ብቻ አየሁ። ላይ ላዩን እንኳ አላነበብሁትም። በልቤ «ይህ ነገር አይሆንም» ብዬ ፈረድሁ፤ ያንን ግን በአፌ ለመናገር አፈርሁ። አሳዝኛት እንዳልሰዳት ብዬም በአንድ ገጽ ሙሉ «ትጉህ ናት፥ ታዛዥ ናት፥ ባለ መልካም ጠባይ ናት፥ ለተሰጣት ሥራ ሁሉ ኃላፊነት ይሰማታል» እያልሁ አሞካሽቼ ጻፍሁላት። ስለ ነጥቧ አንዲት ቃል አላነሣሁም። እርሷም እጅ ነሥታ፥ ደስ ብሏት ሄደች። ማመልከቻዋ ተመለሰ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ቤት ግብዣ ላይ ከአንድ ሽማግሌ የእንስሳት ሐኪም ጋር ተቀመጥሁ። እኚህ ሰው በዘመናቸው ብዙ አመልካቾችን የመረመሩ ስለ ነበሩ የደብዳቤውን ግልባጭ አሳየኋቸው። አንብበው መለሱልኝና፥ «መምህር፥ ስሟን ብቻ ብትለውጡት ይህ ደብዳቤ ለማንም ሰው ይሆናል» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «ነጥቧ 2.40 መሆኑን እርስዎ ባይናገሩት ትራንስክሪፕቱ ዝም የሚል መስሎዎት ነበርን? መርማሪው ቁጥሩን አይቶ ምክንያቱን ከእርስዎ ሲፈልግ፥ እርስዎ ምስጋና ብቻ ሰጡት» አሉኝ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኔ ግን ምሳር ያላነሣሁ መስሎኝ በለስላሳ ቃል ቆርጫት ኖሯል። ሳላነብ ፈረድሁ፥ ፈርጄም ሸሸግሁ፤ ሁለት ጥፋት ማለት ነው።

በማግስቱ ጠራኋትና ትራንስክሪፕቷን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን አነበብነው። ያኔ ቁጥሩ የሸሸገው ነገር ታየ። ከ120 ክሬዲት በመጀመሪያዎቹ 90 ያገኘችው አማካይ 2.17 ያህል ነበር፤ በመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች ግን 3.10 ደርሳለች። የወደቀችበት ዘመንና የተነሣችበት ዘመን በግልጥ ይለያያል። እኔ ያየሁት ግን ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያሳየውን ድምር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሒሳቡ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ለተማሪዎቻችን በጊዜ ብንነግራቸው ብዙ እንባ ይቀራልና። በ120 ክሬዲት 2.40 ያለው ተማሪ አማካዩን 3.00 ለማድረስ ቢፈልግ፥ ተጨማሪ 72 ክሬዲት ተምሮ በሁሉም ኤ ማግኘት ይኖርበታል። ይህም ከሁለት ዓመት የሚበልጥ እንከን የሌለበት ትምህርት ነው። 30 ክሬዲት ብቻ ጨምሮ በዚያ 3.60 ቢያገኝ ደግሞ ድምሩ ከ2.40 ወደ 2.64 ብቻ ከፍ ይላል። እንግዲህ ድምሩን አሳድጋለሁ ብሎ መድከም ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን 30 ክሬዲቶች ለብቻቸው የሚመለከት መርማሪ ቢያጋጥመው፥ ያው ተማሪ የ3.60 ሰው ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ተማሪው ሊጠይቅ የሚገባው «ነጥቤን እንዴት ላሳድግ?» ብሎ ሳይሆን፥ «የማመለክትበት ትምህርት ቤት ነጥቤን የሚቈጥረው እንዴት ነው?» ብሎ ነው።

አቈጣጠሩ እንደ አገሩ ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ አመልካቹ አስቀድሞ ለብዙ ዓመት በኮሌጅ የተማረ ሲሆን፥ የገቡት ተማሪዎች አማካይ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 በላይ ነው። ዳሩ ግን ከትምህርት ቤቶቹ አንዳንዶቹ ዝቅተኛ ወሰን ብቻ አስቀምጠው ሌላውን በሌላ መመዘኛ ይመረምራሉ፤ አንዳንዶቹም የመጨረሻዎቹን 45 ክሬዲቶች ለይተው ይቈጥራሉ። የኬሚስትሪንና የባሕየ ሕይወትን ውጤት ለብቻው የሚመለከቱም አሉ። አመልካቹ ከእንስሳት ጋር በሥራ ያሳለፈው ሰዓትም ተቈጥሮ በማመልከቻው ላይ ይገባል። ልጆቻችን በባሕር ማዶ ስለሚበዙ ይህን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

በኬንያ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አምስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፥ አብዛኛው ተማሪ የሚገባው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ ነው። ለዲግሪ ትምህርት በጠቅላላው የሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት በብሔራዊው ፈተና ሲ ፕላስ ነው፤ ነገር ግን ያ የበሩ ደፍ ብቻ ነው። አመልካቾች ለትምህርቱ አግባብ ባላቸው አራት ትምህርቶች ውጤት ከ48 ነጥብ ተመዝነው ስለሚወዳደሩ፥ ደፉን የረገጠ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም። ከዋናው በር ሌላ ግን የጎን በር አለ። በካቤቴና በሌሎችም ስፍራዎች የሚገኙት የእንስሳት ጤና ማሠልጠኛ ተቋማት በሰርተፊኬትና በዲፕሎማ ያሠለጥናሉ፤ በዲፕሎማውም መልካም ውጤት ያገኘ ሰው ወደ ዲግሪው ትምህርት ማመልከት ይችላል። በ2011 የወጣው የኬንያ ሕግ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ረዳት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችንም መዝግቦ የሥራ ወሰናቸውን ስለ ደነገገ፥ ያ መንገድ ወደ ዲግሪው ባያደርስ እንኳ በራሱ የተከበረ ሙያ ነው።

ሦስተኛም መንገድ አለ። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይን ሁላችሁም የምታውቋቸው በዛፍ ተከላና በ2004 በተቀበሉት የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። እኚህ ሴት በአሜሪካ ባዮሎጂ ተምረው ሲመለሱ በናይሮቢ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በአናቶሚ ክፍል ሠሩ፤ በ1971 በዚያው ትምህርት ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ በ1976ም የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። የከብት ሐኪም ሳይሆኑ የከብት ሐኪሞችን አስተማሩ ማለት ነው። እንደዚሁም በናይሮቢ በ1973 የተመሠረተው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪና በአዲስ አበባ በ1974 የተመሠረተው የአፍሪካ የእንስሳት ማእከል በ1994 ተዋሕደው አንድ ዓለም አቀፍ ተቋም ሆነዋል። በሁለቱ ከተሞች ባሉት ላቦራቶሪዎቹ ሐኪም፥ የባዮሎጂ ሊቅ፥ የኢኮኖሚ ዐዋቂና የላቦራቶሪ ባለሙያ አብረው ይሠራሉ። እንስሳን ለማገልገል የሚፈልግ ወጣት ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት፤ የሚነግረው ሰው ግን ከእኛ ሌላ የለውም።

ወደ ልጂቱ ልመለስ። ከብዙ ምክር በኋላ የዲፕሎማውን መንገድ መረጠች። አክስቷ የክፍያውን ነገር በሰማች ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፥ «ምጣድ አንድ እጨምራለሁ» አለች። ልጂቱ ቀን ትማራለች፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታም ከአክስቷ ጋር ትጋግራለች። በዕረፍት ጊዜ በኪያምቡ ከሚገኙ አነስተኛ የወተት ላም ርቢዎች ዘንድ እየሄደች ባለሙያዎችን ትከተል ነበር።

አንድ ቀን ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ ስሄድ አገኘኋት። አንዲት ላም ከጆሮዋ ሥር ንፍፊቷ አብጦ፥ ትኩሳት ይዟት፥ መኖ ትታ ቆማለች። ባለቤቲቱ «ምን ሆነችብኝ?» ብላ ልጂቱን ጠየቀቻት። የእኔ ተማሪዎች ከበው ያያሉ። ልጂቱም በስዋሂሊ፥ «ይህን በሽታ በአገሬ አላየሁትም፤ የሚያውቀውን ሰው አሁን እጠራለሁ» አለችና ስልኳን አወጣች። የመጡት ባለሙያ በመዥገር የሚተላለፈው የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት መሆኑን ለዩ። ይህ በሽታ በኬንያ ብዙ ጥጃና ላም የሚፈጅ ሲሆን በኢትዮጵያ አይታወቅም። እርሷ በአገሯ የምታውቀው አባ ሰንጋንና አባ ጎርባን ነበር። ላሚቱ በጊዜ ታክማ ዳነች። ልጂቱ የዚያን ዕለት ማታ መዥገሩን፥ ምልክቱንና መድኃኒቱን በደብተሯ ጽፋ በሳምንቱ አሳየችኝ። በተማሪዎች ፊት «አላውቅም» ማለት ለመምህር እንኳ ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተ ታውቃላችሁ። ለሐኪም ግን ይህች ቃል ከብዙ ነጥብ ትበልጣለች፤ ያላወቀውን ዐውቃለሁ ብሎ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ከበሽታው ይልቅ ይጎዳልና።

ዲፕሎማዋን በመልካም ውጤት ፈጽማ እንደ ገና ለማመልከት በመጣች ጊዜ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍሁ። በመጀመሪያው አንቀጽ «የዚህች አመልካች የመጀመሪያ ዲግሪ አማካይ 2.40 ነው» ብዬ ጀመርሁ። የ90ውንና የ30ውን ክሬዲት ልዩነት በቁጥር አስቀመጥሁ። በርሷ ፈቃድም የአባቷን ሞት በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፥ ያለ ልቅሶ ገለጥሁ። ከዚያ በኋላ በላቦራቶሪያችን ስለ ያዘችው የጥንቸሎች መዝገብና ስለ ኪያምቡዋ ላም ያየሁትን ጻፍሁ። በመጨረሻም «ኬሚስትሪ ይከብዳታል፤ ነገር ግን በዲፕሎማው ትምህርት ያለፈችበትን ውጤት ተመልከቱ» አልሁ። ምስጋና የሚባል ቃል በደብዳቤው ውስጥ ከሁለት አይበልጥም ነበር።

ሌላ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ዛሬ በሕክምናው ልምምድ ዓመት ላይ ትገኛለች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አልፏል፤ ጓደኞቿ ሥራ ይዘው፥ ቤት ሠርተው እርሷ ገና ደብተር ይዛ ትሄዳለች። የአክስቷም ወገብ ከምጣዱ ብዛት የተነሣ ታሟል። ይህን የምናገረው ጎን በር ዋጋ የሌለው መስሎ እንዳይታይ ነው። ዋጋው ብዙ ነው፤ ለተማሪውም ለቤተ ሰቡም አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ከዚህ ጋር ሌላ ታሪክ ባልጨምር ሚዛኑን ባጎድለሁ ነበር። በዚያው ዘመን አንድ ወጣት እንደዚሁ ደብዳቤ ሊያጽፈኝ መጣ። የእርሱም ነጥብ ዝቅተኛ ነበር፤ ነገር ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳነብ የመነሣት ምልክት አላየሁበትም። ኬሚስትሪን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ወድቋል። «ልጄ፥ ከብት ይዘህ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው ውሾች እንደሚወድ ነገረኝ። «እንግዲያውስ ለአንድ ወር ከአንድ ባለሙያ ጋር ቄራም በረትም ሂድና ተመለስ» አልሁት። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ፥ «ጋሼ፥ እኔ የምፈልገው ይህን አልነበረም» አለኝ። እኔም በዚህ ጊዜ ሳልሸሽ «አይሆንህም» አልሁት፤ ምክንያቱንም ገለጥሁለት። አዘነ፤ ተቈጣኝም። ዛሬ በከብት መኖ ንግድ የሚተዳደር ደኅና ሰው ሆኗል፤ ባገኘኝ ቁጥርም ሰላምታ አይነሣኝም። የመምህር እውነት ሁልጊዜ በር መክፈት ብቻ አይደለም። ልጁን አሳይቶ፥ አስመርምሮ፥ ከዚያ በኋላ የሚዘጋ በር ልጁን አይበድለውም፤ ሳይመረመር የሚዘጋው ግን ይበድለዋል።

አሁን ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆነውን ልሰብስብ።

አንደኛ፥ ትራንስክሪፕት ከታች ወደ ላይ አይነበብም። ከመጀመሪያው መንፈቅ ጀምሮ ውጤቱ የሚወርድ ነው ወይስ የሚወጣ? የወደቀው በየትኛው ትምህርት ነው? በኬሚስትሪ መውደቅና በሌላ ትምህርት መውደቅ ለእንስሳት ሐኪም አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፥ የምስክርነት ደብዳቤ ምስክርነት ይሁን። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አያሞካሽም። ያየነው ነገር ከሌለ ደብዳቤውን ሌላ መምህር እንዲጽፍ መንገር ይሻላል። ደካማውን ጎን እኛ ራሳችን ብንናገረው፥ መርማሪው የጠንካራውን ጎን ምስክርነታችንን ያምናል።

ሦስተኛ፥ ተማሪው ስለ ዝቅተኛ ነጥቡ በሚጽፈው ማብራሪያ በሰው ላይ እንዳያመካኝ እንምከረው። የሆነውን በአጭር ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ያደረገውን በሰፊው ይግለጥ። «መምህሩ ጠላኝ» የሚለውን ቃል የማያነብ መርማሪ የለም፤ የሚያምነውም ጥቂት ነው።

አራተኛ፥ ከማመልከቱ በፊት ከእንስሳት ጋር ይሥራ፤ ቀኑንና ሰዓቱን በመዝገብ ይያዝ። ይህ ለመርማሪው ማስረጃ ነው፤ ለተማሪው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ራሱን ይመረምርበታልና።

ለእናንተም ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሦስት ልመና አለኝ። የትምህርት ማስረጃ ሲጠየቅ ሳይዘገይ ይሰጥ፤ የማመልከቻ ቀን ያለፈበት ወጣት አንድ ዓመት ይከስራልና። ከማስረጃው ጋር የየትምህርቱ ዝርዝር ይያያዝ፤ ከኢትዮጵያ የመጣ የምስክር ወረቀት በኬንያ ከሚሠራበት መመዘኛ ጋር ሲመሳከር የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ይህ ዝርዝር ነው። ሦስተኛውም፥ የሕመምና የኀዘን ፈቃድ በመዝገብ ይግባ። ያች ልጅ አባቷ በሞቱበት መንፈቅ ከትምህርት የቀረችበት ምክንያት አንድ መስመር ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ፥ እኔ ብዘነጋው እንኳ ወረቀቱ ይመሰክርላት ነበር።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤ በ2022 በአገራችን በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ያህል ብቻ መሆናቸውን ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ በራችንን የሚያንኳኳው ወጣት አንድና ሁለት አይደለም፤ ገና ብዙ ይመጣል። የመለኪያው ደረጃ ዝቅ ይበል አልልም። ከብቱ የሞተበት ገበሬ የሐኪሙን ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም ይፈልጋል፤ ክፉ ቀንም ያስተማረን ይህንኑ ነው። የምለምነው ደረጃው ዝቅ እንዲል ሳይሆን ሰውዬው በሙሉ እንዲመዘን ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ኖረናል። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ግን ሳይሰበር የሚያቈየው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምጣድ የምትጨምር አክስት ናት፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያነብ መምህር ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ግልባጭ እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ አላወጣሁትም። አዲስ ተማሪ «ይጻፉልኝ» ብሎ በመጣ ቁጥር እርሱን አንድ ጊዜ አንብቤ ነው ብዕሬን የማነሣው።